ጠባብ ኩሽና፣ ብዙ ዕቃ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ ኩሽና ቦታ ጥበት የሚያነሱትን መርጠናል። ከታች የሰጠናቸው ልኮች መነሻ ናቸው። ከመቁረጥዎ በፊት የራስዎን ቤት ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በሜትር ይለኩ፤ ቀጥ ያለ የሚመስል ግድግዳ በአንድና በሁለት ሴንቲ ሜትር ሊያጋድል ይችላል፣ ካቢኔት ደግሞ የሚገባው በጠባቡ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ኩሽናችን ወርዱ 1.80፣ ርዝመቱ 2.40 ሜትር ነው። በአንደኛው ግድግዳ በኩል ከታችም ከላይም ካቢኔት አለ፤ ሁሉም ጢም ብሏል። ለአምስት ሰው ምግብ የማዘጋጀው እኔ ነኝ፣ መክተፊያ የማሳርፍበት ቦታ ግን የለኝም። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ሌላ ካቢኔት ላሠራ አስቤያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። የታችኛው ካቢኔት ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ 60 ሴ.ሜ. ስለሆነ ከ1.80 ሜትሩ የሚቀርዎት 1.20 ነው። ከፊት ለፊቱ ሌላ ባለ 60 ካሠሩ መሐሉ 60 ሴ.ሜ. ብቻ ይሆናል። በዚያ መሐል ቆሞ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ጎንበስ ብሎ ድስት ማውጣት ወይም የምድጃ በር መክፈት ግን አይታሰብም። አንድ ሰው ለሚሠራበት ኩሽና ቢያንስ 90 ሴ.ሜ.፣ ሁለት ሰው ለሚተላለፍበት 1.20 ሜትር መተላለፊያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ያ ግድግዳ የሚችለው ከ30 ሴ.ሜ. ያልበለጠ መደርደሪያ ነው። ይህ ደግሞ አያንስም፤ ትልቁ የምግብ ሰሃን እንኳ ስፋቱ ከ26 እስከ 28 ሴ.ሜ. ነው።

እሱም ቢሆን ይቆይ። መጀመሪያ ያሉትን ካቢኔቶች ይክፈቱና ከዕቃዎቹ አናት በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ይለኩ። "ሞልቷል" የሚባል ካቢኔት ብዙ ጊዜ የሞላው ወለሉ ነው፤ ከላይ ያለው አየር ነው። መሐሉ ላይ አንድ መደርደሪያ ብቻ ያለው፣ ውስጡ 68 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው ካቢኔት እንውሰድ። የእያንዳንዱ ክፍል ቁመት 33 ሴ.ሜ. ገደማ ነው፤ ስኒ ደግሞ ቁመቱ ከ10 አይበልጥም። ቦታው እንዳይባክን ዕቃው በዕቃ ላይ ይደረደራል፣ ከዚያ የታችኛውን ለማውጣት አራት ዕቃ ማንሳት ግድ ይሆናል።

መፍትሔው መደርደሪያውን ከዕቃው ጋር ማስተካከል ነው፦ የዕቃው ቁመት ሲደመር ለእጅ መግቢያ ከ3 እስከ 5 ሴ.ሜ.። በዚያው ካቢኔት ውስጥ 18 ሚ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ሦስት መደርደሪያዎች ቢገቡ 5.4 ሴ.ሜ. ይወስዳሉ፤ የሚቀረው 62.6 ሴ.ሜ. ነው። ይህ 14 ለስኒ፣ 14 ለጎድጓዳ ሰሃን፣ 18 ለብርጭቆ፣ 16 ለጠፍጣፋ ሰሃን ተብሎ ቢከፈል ያለ ምንም ተጨማሪ ካቢኔት ሁለት ፎቅ አተረፉ ማለት ነው። የካቢኔቱ ጎን ላይ በየ32 ሚ.ሜ. የተበሱ ቀዳዳዎች ካሉ ሥራው መደገፊያውን ከቀዳዳ ቀዳዳ ማዛወር ብቻ ነው። ከሌሉ በ5 ሚ.ሜ. መሰርሰሪያ 10 ሚ.ሜ. ጥልቀት ይብሱ። ጣውላው ከ16 እስከ 18 ሚ.ሜ. ስለሆነ መሰርሰሪያው በቀላሉ በስቶት ወደ ውጭ ይወጣል፤ መሰርሰሪያው ላይ ከጫፉ 10 ሚ.ሜ. ርቀት ላይ ፕላስተር ጠቅልለው ምልክት ያድርጉበት።

ቀጥሎ አደራደሩን ይመልከቱ። በየቀኑ የሚነሳው ዕቃ ከወለል ከ70 እስከ 150 ሴ.ሜ. ባለው ከፍታ ውስጥ ይሁን። ከባድ ድስት ከወገብ በታች ይቀመጥ። ከ180 ሴ.ሜ. በላይ የሚወጣው ቀላልና ብዙ የማይፈለግ ብቻ ነው፤ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ከባድ ብረት ማውረድ አደጋ ነው።

አሁን ወደ መክተፊያዎ። በሲንኩና በምድጃው መካከል ሳይቋረጥ የሚሄድ ቢያንስ 60 ሴ.ሜ. ንጹሕ ጠረጴዛ ያስፈልግዎታል፤ 80 ቢሆን ይሻላል። በየቀኑ የማይነካ ማንኛውም ማሽን ከዚያ ላይ ይነሳ። የሰሃን ማድረቂያውን ከሲንኩ በላይ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት ብዙ ቦታ ይለቃል፣ ውሃውም ሲንኩ ውስጥ ይንጠባጠባል። ይህም ካልበቃ ሲንኩን የሚሸፍን መክተፊያ ያሠሩ። የሲንኩ ወርድ 40 ሴ.ሜ. ከሆነ መክተፊያው 44 ይሁን፣ በሁለቱም ጎን 2 ሴ.ሜ. እንዲያርፍ። እንዳይንሸራተት ከሥሩ ሲንኩ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ይለጠፉበት። ምድጃ ላይ መክተፍዎን ግን ይተዉት፤ ያልቀዘቀዘ ምድጃ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ እንጨቱን ይለበልባል።

ጥያቄ፦ ዱቄትና ስኳር የምናስቀምጥባቸው ክብ ዕቃዎች ቦታ ፈጁ። በአራት ማዕዘን ብቀይራቸው ለውጥ አለው?

መልስ፦ አለው። ክብ ዕቃ ካረፈበት አራት ማዕዘን ቦታ የሚጠቀመው 78 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው በየማዕዘኑ ይባክናል። ሲገዙ ሙሉውን ጥቅል የሚይዝ ይምረጡ፦ 1 ኪሎ ስኳር 1.2 ሊትር ገደማ፣ 1 ኪሎ ዱቄት ወደ 1.8 ሊትር ቦታ ይፈልጋል። ዕቃው ካነሰ ትርፉ ከነከረጢቱ ካቢኔት ውስጥ ይመለሳል፣ ቦታውም ሁለት እጥፍ ይሆናል። 30 ሴ.ሜ. ጥልቀት ላለው ካቢኔት ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 28 የሆነ ጠባብና ረጅም ዕቃ እንመርጣለን። እንደ መሳቢያ ይሳባል፤ ከኋላ ተደብቆ የሚረሳ ነገር አይኖርም።

ጥያቄ፦ ለድስትና ለሰሃን 1.20 ሜትር ርዝመት ያለው የቺፑድ መደርደሪያ ግድግዳ ላይ አሰቀልኩ። ወገቡ ጎበጠ። በአንድ ጫፍ ደግሞ ብሎኑ ከነፊሸሩ (ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ብሎኑን ከሚይዘው ፕላስቲክ ጋር) እየወጣ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ሲሆን በሴራሚክ ተለብጧል። ወፍራም ብሎን ባስደርግ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ያጋጠሙዎት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

መጉበጡ ከርዝመቱ የመጣ ነው። ውፍረቱና ጭነቱ ሳይለወጥ በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለ18 ሚ.ሜ. ቺፑድ ሰሃን ከተጫነበት ከ60 ሴ.ሜ. የበለጠ ርቀት አንመክርም። ስለዚህ መሐሉ ላይ ሦስተኛ ድጋፍ ይግባ። ጣውላው ካልተሰነጠቀ ገልብጠው ይጠቀሙበት፣ የጎበጠው ወደ ላይ እንዲሆን። መሐሉ ላይ መደገፍ የማይቻል ከሆነ ከፊት ጠርዙ ሥር 4 ሴ.ሜ. ቁመት ያለው እንጨት በጠርዙ አቁመው በኮላና በብሎን ያያይዙ። ጥንካሬ የሚጨምረው ከስፋት ይልቅ በቁመት ነው። ያልተለበጠ የቺፑድ ጠርዝም እንፋሎት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ብሎን መያዝም ያቅተዋል፤ አራቱም ጠርዝ ይታሸግ።

የብሎኑ መውጣት ሌላ ጉዳይ ነው። ሴራሚኩ፣ ማጣበቂያውና ልስኑ አንድ ላይ 3 ሴ.ሜ. ሊደርሱ ይችላሉ። 4 ሴ.ሜ. ፊሸር ከተደረገ ብሎኬቱን የያዘው 1 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ለዚህ የሚሆነው ባዶ ቦታ ውስጥ ሲደርስ የሚጠቀለል ወይም የሚከፈት፣ 8 ሚ.ሜ. ውፍረትና ቢያንስ 6 ሴ.ሜ. ርዝመት ያለው ፊሸር ነው። ብሎኑ 5 ወይም 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ይኑረው። ርዝመቱ ደግሞ የፊሸሩንና የድጋፍ ብረቱን ውፍረት አልፎ በፊሸሩ ጫፍ ትንሽ ብቅ የሚል መሆን አለበት፤ ካልደረሰ ፊሸሩ አይከፈትም።

ሲበሱ ሴራሚኩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፣ በሴራሚክ መሰርሰሪያ ያለ ምት (ማሽኑ እየመታ እንዲበሳ የሚያደርገውን ሳያበሩ) ቀስ ብለው ይጀምሩ። ከሴራሚኩ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሴ.ሜ. ይራቁ። ሴራሚኩ ከተበሳም በኋላ ምቱን አያብሩት፤ የብሎኬቱን ቀጭን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ያፈርሰዋል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። አቧራውን ጠርገው ያውጡ። ፊሸሩ ከሴራሚኩ ገጽ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይግባ፣ እዚያው ሴራሚኩ ውስጥ ከተከፈተ ይሰነጥቀዋልና። ከቧንቧና ከሶኬት ቀጥታ በላይ፣ በታችና በጎን በኩል አይብሱ፤ መስመሩ የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ባለ ኤል ቅርጽ ድጋፍ ረጅሙ ክንድ ከግድግዳው ጋር ነው የሚታሰረው፤ ብዙ ባለሙያ እንኳ ገልብጦ ያስረዋል። ከግድግዳው 15 ሴ.ሜ. ርቆ ያረፈ 20 ኪሎ ጭነት፣ የግድግዳው ክንድ 20 ሴ.ሜ. ሲሆን የላይኛውን ብሎን ወደ ውጭ የሚስበው በ15 ኪሎ ያህል ኃይል ነው። ክንዱ 10 ሴ.ሜ. ቢሆን 30 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከታችኛው ካቢኔት ድስት ለማውጣት መንበርከክ ሰልችቶኛል። በሩን ሳልነቅል ውስጡ ተሳቢ መሳቢያ ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ በጠባብ ኩሽና ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ እኛ የምናስቀድመው ይህን ነው። በጎን የሚታሰረው ባለ ኩሽኔታ (በትንንሽ የብረት ኳሶች ላይ የሚንሸራተት) ሐዲድ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚ.ሜ. ይወስዳል። የመሳቢያው የውጭ ወርድ ከካቢኔቱ የውስጥ ወርድ በ26 ሚ.ሜ. ያንሳል ማለት ነው። በጣም ከጠበበ ይጣበቃል፣ ሁለትና ሦስት ሚ.ሜ. ከሰፋ ሐዲዱ ይላቀቃል። የተለመደው ስሕተት በሩን መርሳት ነው፤ በሩ 90 ዲግሪ ሲከፈት ማጠፊያውና የበሩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ በሩን ከፍተው የሚቀረውን ክፍተት ይለኩ፣ በማጠፊያው በኩልም ሐዲዱ የሚታሰርበት እንጨት ይጨመር።

ወለሉን በ3 ሚ.ሜ. ጣውላ አያሠሩ፤ በድስት ክብደት ይረግፋል። 9 ወይም 12 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ይሁን። ሁለቱ ሐዲዶች በውሃ ልክ እኩል ካልሆኑ መሳቢያው ራሱ ይከፈታል ወይም መሐል ላይ ይይዛል። ክዳኖቹን በየ5 ሴ.ሜ. በተከፈለ ማቆሚያ በጠርዛቸው ያቁሟቸው፤ ድስቶቹ ያኔ አንዱ ባንዱ ውስጥ መግባት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የጋዝ ሲሊንደሩን ካቢኔት ውስጥ ብናስገባው ወለሉ ይለቅልን ነበር።

መልስ፦ ዝግ ካቢኔት ውስጥ አይሆንም። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይጠራቀምና አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከሁሉ የሚሻለው አየር ባለበት ውጭ፣ ከፍሳሽ ጉድጓድ ርቆ ማስቀመጥ ነው። የግድ ውስጥ ከሆነ በግልጽ ቦታ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጎማው በጋለ ምድጃ ኋላ አይለፍ። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ፣ በክብሪት በጭራሽ።

ጥያቄ፦ በማዕዘኑ ካቢኔት ውስጥ የገባ ዕቃ አይወጣም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ተሽከርካሪ መደርደሪያ ያግዛል፤ ግን ክብ ስለሆነ ማዕዘኖቹን መልሶ ያባክናል። በር ጠባብ ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡበት። በዓመት አንዴ የሚፈለገውን ትልቅ ድስት እጀታ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርገው ወደ ጥጉ ይግፉት። ከጥጉ ጀርባ ሌላ ክፍል ካለ ደግሞ በሩን በዚያ በኩል ማስከፈት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ለልጆቹ ቁርስ የሚሆን ከግድግዳ የሚታጠፍ ጠረጴዛ እንፈልጋለን። ልኩ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ለአንድ ሰው 60 ሴ.ሜ. ወርድና 40 ሴ.ሜ. ጥልቀት ይያዙ፤ ለሁለት ልጅ 1.20 በ40 ይሆናል። ከፍታው ለተራ ወንበር 75 ሴ.ሜ. ነው። ከኩሽናው ጠረጴዛ ጋር በ90 ሴ.ሜ. ላይ እኩል ይሁን ካሉ መቀመጫው ወደ 65 ሴ.ሜ. ከፍ ማለት አለበት፣ ለትንንሽ ልጆች ደግሞ አይመችም። ሲታጠፍ ወደ ታች የሚወርደውን ይምረጡ፤ ወደ ላይ የሚታጠፈው መቆለፊያው ቢከዳ ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። የሚታጠፉት ሁለቱ ብረቶች ሲዘረጉ ራሳቸው የሚቆልፉ ይሁኑ፤ ከጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ 20 ሴ.ሜ. ወደ ውስጥ ቢገቡ ጣውላው መሐል ላይ አይጎብጥም። ልጅ በክንዱ መደገፉ አይቀርምና አሠሪው ሲጨርስ ጫፉን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭኖ ይፈትነው፤ ከግድግዳው ቅንጣት ያህል ከተላቀቀ ፊሸሩ ይቀየር።