ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራትን በምን ለክተን እንክፈል?

ጥያቄ፦ በአንድ አነስተኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት እሠራለሁ። ደረቅ ቆሻሻ ከየቤቱ የሚሰበስቡ የወጣት ማኅበራትን በውል ልናሠራ ነው። አዲስ አበባ እንደሠራችበት በሜትር ኪዩብ ለመክፈል አስበናል። ያዋጣል? ውሉ ላይስ ምን እንዳይረሳ?

መልስ፦ በሜትር ኪዩብ መክፈል ለጀማሪ ይቀላል። ችግሩ፣ ማኅበሩ የሚከፈለው ገንዳ ስለሞላ እንጂ ሰፈሩ ስለጸዳ አይደለም። ካርቶን ሳይታጠፍ ይጫናል፤ አፈርና የግንባታ ፍርስራሽ ይገባል፤ ጋሪ የማይደርስባቸው ዳገታማ ሰፈሮች ይዘለላሉ። በኪሎ ቢሆንም ክረምት ላይ ለዝናብ ውኃ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ዋናውን ክፍያ በሚያገለግሏቸው ቤቶች ቁጥር አድርጉት። ተቆጣጣሪው በየሳምንቱ 20 ቤት በዕጣ ይምረጥና መጨረሻ የተነሣላቸው መቼ እንደሆነ ጠይቆ ይፈርም።

ከጨረታው በፊት የቆሻሻውን መጠን እወቁ። ከተለያየ የኑሮ ደረጃ ቤቶችን መርጣችሁ 8 ቀን በተከታታይ መዝኑ፤ የመጀመሪያውን ቀን ጣሉት፤ የከረመ ቆሻሻ ይቀላቀልበታልና። ለምሳሌ 600 ቤት፣ በቤት 5 ሰው፣ በሰው 0.4 ኪሎ ቢወጣ፣ በቀን 1,200 ኪሎ ይሆናል። አንዱ ሜትር ኪዩብ 300 ኪሎ ቢመዝን 4 ሜትር ኪዩብ ነው። 8 ሜትር ኪዩብ የሚይዝ ገንዳ በሁለት ቀን ይሞላል ማለት ነው።

ብዙ ውል የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ገንዳውን የሚያነሣው የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ነው፤ መኪናው ሲበላሽ ማኅበሩ የሚደፋበት ያጣል፣ ቅጣቱ ግን በእሱ ላይ ይወድቃል። ይህ ግፍ ነው። ገንዳ በሞላ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተነሣ ማኅበሩ እንደማይቀጣ በግልጽ ጻፉ። የገንዳ ርክክቡም በ3 ቅጂ ደረሰኝ ይያዝ፤ አንዱ ለማኅበሩ፣ አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለፋይናንስ።

ለማኅበራቱ የሚከፈለውን ገንዘብ አዲስ አበባ ከነዋሪው ከውኃ ቢል ጋር አያይዛ ሰብስባለች። መንገዱ ጥሩ ነው፤ የራሳቸው ቆጣሪ የሌላቸው ግን ያመልጣሉ፣ ለእነሱ ሌላ አሰባሰብ አብጁ። የተሰበሰበው በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። ከሌላ ገቢ ጋር ከተደባለቀ ክፍያው ይዘገያል፣ ሰብሳቢዎቹም ይበተናሉ።

የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 የፌዴራል ነው፤ ስለዚህ የእናንተን ውል ይገዛል ብላችሁ አትተማመኑ። የእናንተን ውል የሚገዛው የትኛው የክልል ሕግ እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ከክልሉ ፋይናንስ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ። የውሉን ዘመን 3 ዓመት አድርጉት፤ በአንድ ዓመት ውል አዲስ ጋሪ የሚገዛ ማኅበር የለም።