ላንጋኖ ከልጆች ጋር፦ ቴርሞስታቱን አታስወጣው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ለልጆቹ የግማሽ ዓመት እረፍት ላንጋኖ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቷ፣ የ4 ዓመት ወንድ ልጃችንና ዓመት ከስምንት ወር የሆናት ሕፃን ነን። መኪናችን አሮጌ ኮሮላ ናት። ከተማ ውስጥ ምንም አትል። ባለፈው ከአዳማ ስንመለስ ግን ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌዋ ወደ ቀዩ ተጠጋ። የሰፈራችን መካኒክ ‹ቴርሞስታቱን አውጥተን ውኃ እንሙላባት፣ ትቀዘቅዛለች› አለኝ። ላስወጣው? ሌላስ ምን ላዘጋጅ?»

ወንድሜ፣ አታስወጣው። ይህን ምክር በየጋራዡ ስሰማ ኖሬያለሁ። በዚሁ ምክር ሄደው ቴስታቸው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተጣሞ በጭነት መኪና የተመለሱ ቤተሰቦችም ተቀብያለሁ። አንደኞቹ ሦስት ሕፃናት ይዘው መንገድ ዳር አራት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆይተው ነበር። ያንተ ልጆች እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ቴርሞስታት በር ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋል፣ ውኃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ይጀምራል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሁለተኛ ሥራ አለው። ውኃው ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት አቋራጩን ይዘጋል። ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ፣ እንደጋለ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዳገት ላይ እንዲያውም ሊብስበት ይችላል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ የሚፈልገውን ሙቀት ስለማያገኝ ቤንዚን ይበላል።

አሁን ወደ ራስህ ቃል ልመለስ። «ከተማ ውስጥ ምንም አትል፣ ዳገት ላይ ትሞቃለች» ብለሃል። ይህ የምርመራው ግማሽ ነው። የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ ቬንትሌተሩ፣ ቢበላሽ ኖሮ ትራፊክ ላይ ቆማ ትሞቅ ነበር፣ ስትሄድ ደግሞ ንፋሱ ያቀዘቅዛት ነበር። ያንተ ተቃራኒው ነው። እንደ እኔ ግምት ወይ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ወይ ክዳኑ ደክሟል፣ ወይም ሁለቱም።

የክዳኑን ነገር ብዙ ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ በ82 መከፈት እንደሚጀምር ነግሬሃለሁ። በመሃል ያለችው አሥር ዲግሪ ብቻ ናት! ሞተሩን የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ። በዚያ ግፊት ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም። ዋጋው ከሌላው ዕቃ ሁሉ ትንሽ ነው፣ ሳትጠራጠር ቀይረው። ቁጥሩ ግን ከድሮው ጋር አንድ ይሁን።

ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠብ፣ ካልሆነም ይቀየር። የቧንቧ ውኃ ለዓመታት ሲሞላበት ዝገትና ነጭ ቅርፊት ይሠራል፣ ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች የሚደፍናቸው እሱ ነው። ከታጠበ በኋላ ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለህ ሙላ። አዲስ ቴርሞስታት አስገባ። የላይና የታችኛውን ጎማ ቱቦ ጨብጠህ እይ፣ ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። አንድ ነገር ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ አስነሳና ተመልከት። የአረፋ መውጣት ካላቆመ ከቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል ማለት ነው። ያኔ ጉዞውን እርሳው፣ መጀመሪያ ቴስታው ይከፈት።

መንገድ ላይ መርፌው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ፣ የማሞቂያውን ሂተር እስከ መጨረሻው ክፈት። ይሞቃችኋል፣ ግን ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባል። ካልወረደ ከመንገድ ወጥተህ ቁምና አጥፋ። ልጆቹን አውርደህ ጥላ ሥር አስቀምጥ። ክዳኑን በጋለበት እንዳትነካው፣ የሚወጣው እንፋሎት ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስ፣ ቴስታው ይሰነጠቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።

ጎማ። እስከ ላንጋኖ ወደ 200 ኪሎ ሜትር አለህ፣ አምስት ሰው ከነጓዙ ጭነሃል። የንፋሱ መጠን በሹፌር በር ጎን በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ተከተል። ጠዋት ሳትንቀሳቀስ አስለካ። ባቱ ስትደርስ ጎማው ሞቆ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ያኔ ጎሚስታው «ላስተንፍሰው» ቢልህ እንቢ በል። ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም አንብብ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢያምርም ልጆች አይጫኑበትም። ስኮርቱንም እንደዚያው እይ። ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ ከ80 በላይ አይነዳም።

ክሪክና የጎማ መፍቻውን ከድንኳኑ ሥር እንዳትቀብራቸው። በጨለማ ሁሉን ዕቃ አውርዶ ክሪክ መፈለግ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ውኃውንና ሌላውን ከባድ ዕቃ ከኋላ ሻንጣው ውስጥ፣ ታች፣ ወደ ወንበሩ አስጠግተህ አስቀምጥ። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ብቻ ይውጣ፣ እሱም በደንብ ታስሮ። ቤንዚን በጄሪካን መኪና ውስጥ ፈጽሞ አትያዝ።

ሕፃኗ ከኋላ፣ የራሷ የልጅ መቀመጫ ላይ፣ ፊቷ ወደ ኋላ ዞሮ ትቀመጥ። «እናቷ ታቅፋታለች» አትበለኝ። በ60 ፍጥነት ግጭት ሲደርስ ሕፃን አቅፎ የሚያስቀር ክንድ የለም። ወንዱም መቀመጫ ያስፈልገዋል። የመቀመጫውን ሥር ይዘህ ግራና ቀኝ ስበው፣ ከሁለት ጣት ስፋት በላይ ከተንቀሳቀሰ ቀበቶው አልጠበቀም። የኋላ በሮችን ጠርዝ ላይ ያለችውን የልጅ መቆለፊያም አውርዳት። ሁለት የልጅ መቀመጫ ገብቶ አክስታቸው መሃል ላይ በደንብ መቀመጥና መታሰር ካልቻለች በሌላ መኪና ትምጣ።

ከሙያዬ ትንሽ ወጣ ልበል። ሌሊት ይበርዳል ብላችሁ የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ። አመድ የለበሰ ፍምም ይገድላል፣ ጋዙ ሽታ የለውም። ሞተር አስነስቶ መኪና ውስጥ መተኛትም ያው ነው፣ በተለይ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የተበሳ ከሆነ። ስለዚህ ስትታይ ማርሚታዋንም አስፈትሽ። ቀን ደግሞ ልጅ ተኝቷል ብላችሁ በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን።

ሁሉም ከተሠራ በኋላ፣ ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድመህ ቅዳሜ ዕለት ያንኑ ሙሉ ጭነት ጭነህ ቢሾፍቱ ደርሰህ ተመለስ። ልጆቹ ቤት ይቆዩ። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ ስለዚህ ፈተናው መመለሻው ላይ ነው። ኤሲውን ክፈት፣ ዓይንህ መርፌው ላይ ይሁን። መሃል ላይ ከቆመ ላንጋኖ ሂዱ። ከመሃል ካለፈ ግን መኪናዋን ይዘህ ተመለስ፣ ወደ ውኃ ፖምፓው እንሄዳለን።