ፏፏቴ ለማየት ወደ ሸለቆ ስትወርዱ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ፏፏቴ ጉዞ ይበዛሉ። ዘንድሮ ከመጡት ጥቂቶቹን መርጫለሁ።

«ባለፈው የካቲት ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ወዳለው የፖርቹጋል ድልድይ ሄደን ፏፏቴው ደርቆ ጠበቀን። መቼ ነው የሚኬደው?» (ከአዲስ አበባ)

መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ። ውሃው ደጋው ላይ የሚጥለው ዝናብ ስለሆነ በጋው በገፋ ቁጥር ይመነምናል፤ በየካቲት የሚታየው ድንጋዩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ቢሞላም ጉሙ ሸለቆውን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ያዳልጣል። መስከረም ላይ ግን ውሃው ሳይጎድል ሰማዩ ይገለጣል፣ አደይ አበባውም ይፈነዳል። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። ድልድዩም ስሙ የፖርቹጋል ይባል እንጂ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በራስ ዳርጌ ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል።

«ገደል እያየሁ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ለመንገድ መሪ ለምን እከፍላለሁ?» (ከፍቼ)

ወንድሜ፣ ገደል እያዩ ማደግ ትልቅ ነገር ነው፤ የምትወርድበትን ገደል ማወቅ ግን ሌላ ነው። እኔም ለመንገድ መሪ የሚከፈለው መንገድ ስለሚያሳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ ፏፏቴ ስንወርድ ጉልበት የማይደርስ ጅረት መሻገር ነበረብን። እኛ ያለንበት ፀሐይ ነው። ጫማችንን ልናወልቅ ስንጎነበስ መሪያችን፣ ገና ጢም ያላበቀለ የአካባቢው ልጅ፣ «ቆዩ» አለን። ከአፋፉ ላይ እረኞች ይጣራሉ፤ እኛ የልጆች ጫጫታ ነው ብለን አልፈነዋል። እሱ ግን ደጋው ላይ መዝነቡን ከጥሪያቸው ሰምቷል። ውሃውን አሳየን፤ ጠርቶ የነበረው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መውረድ ጀምሯል። ከመካከላችን አንዱ «ቶሎ እንሻገር» ብሎ ተከራከረው። ልጁ ዱላውን አጋድሞ መንገዱ ላይ ቆመ። ጥቂት ወደ ላይ እንደወጣን ደራሽ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ መጣ።

የሰሜን ሸዋ ሸለቆዎች ጠባይ ይህ ነው። ዝናቡ አምባው ላይ ይጥላል፤ ውሃው በጠባቡ ገደል ተሰብስቦ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከታች ያለ ሰው ጠብታ ሳያርፍበት ጎርፍ ይደርስበታል። ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ጉልበት ከደረሰ ጎልማሳውን ይጥላል።

ስለዚህ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ቁረጡ። «ዛሬ አይሆንም» ብሎ ከመንገድ ቢመልሳችሁም ሙሉውን ክፈሉት። ክፍያው ፏፏቴው ጋ ከመድረስ ጋር ከታሰረ፣ ልጁ እንጀራው እንዳይቀርበት ሲል መግባት የሌለበት ውሃ ውስጥ ይገባል፤ እናንተንም ያስገባል። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

«እናቴ 62 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ይዣት ልሂድ?» (ከደብረ ብርሃን)

ሂጂ እንጂ፣ እህቴ። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ናት፤ የደጋው ቀጭን አየር ለእናትሽ አዲስ አይደለም። የሚፈትናት ቁልቁለቱ ነው። ሸለቆ ከተራራ የሚለየው ቁልቁለቱ ቀድሞ አቀበቱ መጨረሻ ላይ፣ ሰው ሲደክም መምጣቱ ነው። ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣት ሁለት ያዙ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፤ በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ሶሉ ያላለቀ ጫማና ጠንካራ ምርኩዝ ያዥላት፤ እርምጃዋን ታሳጥር። ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቷ ከተሰማት አትግፊያት። ፏፏቴ ከአፋፉ ቁጭ ብሎ ሲታይም ያምራል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከላይ ነው ሙሉ መልኩ የሚታየው።

«ፏፏቴው ሥር መዋኘት ይቻላል?» (ከሸዋ ሮቢት)

እኔ አልመክርሽም። ውሃው ከላይ ድንጋይ ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ በክረምት ደፍርሶ ስለሚውል ጥልቀቱ አይታይም። ለሸዋ ሮቢት ቆላ ልጅ ደግሞ የደጋ ውሃ ቅዝቃዜው ድንገት ትንፋሽ ያሳጥራል። ቦታው ፀበል ሊሆንም ስለሚችል እግርሽን ከመንከርሽ በፊት ጠይቂ።

«ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ልጆቼ ዳቦ ቢሰጧቸው ችግር አለው?» (ከአዲስ አበባ)

አለው። ጭላዳ የሚኖረው በሳር ነው፤ ዳቦ የለመደ ደግሞ ቀጥሎ ከመጣው ልጅ እጅ ይነጥቃል።

«ከፏፏቴው በኋላ ገዳሙን መሳለም እንፈልጋለን፤ ምን እንልበስ?» (ከደብረ ብርሃን)

ነጠላ አትርሱ፤ የጉዞውን አጭር ሱሪ ቀይራችሁ ግቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ምእመናን ወስዶ ረሽኗል። የእነሱ ገዳም ነውና ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

«ስንቅ ምን እንያዝ?» (ከመሐል ሜዳ)

የመንዝ ሰው ስለ ስንቅ እኔን መጠየቁ ገርሞኛል። በሶና ቆሎ፣ በሶውን የምትበጠብጡበት በቂ ውሃ፣ ለብርዱም ጋቢ። ለመንገድ መሪያችሁም ድርሻውን ያዙለት፤ ብዙ ጊዜ ቁርስ ሳይቀምስ ነው የሚመጣው።