በር ላይ የምትቀመጠው ጥቁር ድመት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ለንደን ነው። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔው ጋ አለች። የጎረቤታችን ጥቁር ድመት ጠዋት ጠዋት በራችን ላይ ትቀመጣለች። ባለፈው ሕፃኑን ለክትባት ይዘን ስንወጣ ፊታችንን አቋርጣ አለፈች። እማዬ «ዛሬማ አንሄድም» ብላ ተመለሰች፤ ቀጠሮውም አመለጠን። ለድመቷ ባለቤት፣ ለእንግሊዛዊቷ አሮጊት፣ ብነግራት ሳቀች። «ጥቁር ድመት ደጅሽ ከመጣች እኮ ዕድል ነው» አለችኝ። የቷ ናት ልክ? እማዬንስ ምን ልበላት?
አራሷ፣ ከለንደን

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! መጀመሪያ ክትባቱን ሌላ ቀጠሮ አስይዢለት። እሱ ለድመት የሚተው ነገር አይደለም።

ሁለቱም ያደጉበትን ነው የነገሩሽ። እንግሊዝ አገር ጥቁር ድመት ባለ ገድ ናት፤ ለሙሽራ በሚላክ ካርድ ላይ ሳይቀር ትሳላለች። ድሮ የመርከበኛ ሚስቶች ባላቸው በሰላም እንዲመለስ ብለው ቤታቸው ጥቁር ድመት ያኖሩ ነበር። ከባሕሩ ማዶ ግን ስሟ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1233 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ ወደ ጀርመን በላኩት ደብዳቤ ላይ፣ መናፍቃን በስውር ተሰብስበው ለጥቁር ድመት ይሰግዳሉ የሚል ክስ አለ። ደብዳቤው «ድመት ግደሉ» ግን አይልም፤ በየቦታው እንደዚያ ተብሎ ብታነቢ አትመኚው። ቤልጅየም ውስጥ ደግሞ ኢፕር በምትባል ከተማ ድመት ከነነፍሷ ከማማ ላይ ይወረውሩ ነበር። የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። ዛሬ በበዓሉ የሚወረወረው የጨርቅ ድመት ነው፤ ልጆች ከታች ይሻሙበታል።

የእናትሽ ፍርሃት ከዚያ የመጣ አይመስለኝም። የእኛ ነገር ገድ ነው። ጠዋት መጀመሪያ ያጋጠመን ነገር ቀኑን ሙሉ ይከተለናል እንላለን። ሥራ ሲጠምብን «ዛሬ ማንን አይቼ ነው የወጣሁት?» የማይል ማን አለ?

አያቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ጥላሸት የመሰለች ድመት ነበረቻት። ጎተራውን ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት። ማታ ምድጃ ዳር፣ የአያቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ትተኛለች። አንድም ቀን «ገደ ቢስ» ስትባል አልሰማሁም። የሰው ጥቁር ድመት መንገድ ላይ ካቋረጠች ግን አያቴ አህያዋን እንደተጫነች ትመልሳለች። ቤት ገብታ ቁጭ ትላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ «ቀኝ አውለኝ» ብላ እንደገና ትወጣለች። በቃ፣ የመጀመሪያው መውጣት አልተቆጠረም!

ለእናትሽም ይኸው ይበቃል። «ኋላ ቀር ነው» ብለሽ እንዳትከራከሪያቸው፤ አርሰውሽ ምን ዕዳቸው ነው? ድመቷ ካቋረጠች ተመልሳችሁ ግቡ፤ ያማትቡ፣ ትንሽ ይቀመጡ፣ ከዚያ ውጡ። በቀጠሮ ቀን ሩብ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ተነሱ እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ደግሞ ፀሐይ የወጣች ቀን (ለንደንም አንዳንዴ ትወጣለች) ድመቷን በቅርብ አሳዪያቸው። ፀሐይ ላይ ብዙ የምትውል ጥቁር ድመት ፀጉሯ ቡናማ ይላል፣ አንዳንዷም ላይ ደብዛዛ መስመር ይታያል። ጥቁረቱ ከእናትና ከአባት የወረሰችው ቀለም ነው፤ እንደ እኔ አፍንጫ ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ አያቴ ድመት አቋርጣት ሳትመለስ ቀረች። ቅቤው ቀብድ የተበላበት ስለነበር መዘግየት አልቻለችም። ገና ከሰዓት ሳይሆን ሸጣ ጨርሳ፣ ለእኔ ሸንኮራ ይዛ መጣች። «ድመቷስ?» አልኳት።

«እሷማ» አለች መቀነቷን እየፈታች፣ «ለገዢዎቹ ነው ያቋረጠችው።»