«ሆዴን ቆረጠኝ» ባለቤቱ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። እናቶች ሲመጡ «ሆዴን ቆረጠኝ»፣ «ጎኔን ወጋኝ»፣ «ልቤን አቃጠለኝ» ይሉኛል። ባልደረባዬ ግን ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ስሕተት ስለሆነ ካርድ ላይ «የሆድ ሕመም አለባት» ብለሽ ጻፊ ይለኛል። «ልቤን» የሚሉትም ብዙ ጊዜ እጃቸውን ከደረታቸው በታች አድርገው ነው። የቱ ነው ትክክል? ቁርጠትና ቁርጥማትስ አንድ ናቸው?

መልስ፦ እናቶቹ ትክክል ናቸው፤ ካርዱ ላይም እንዳሉት ቢጻፍ ይሻላል።

«ሆዴን ቆረጠኝ» ሲባል ሆድ «-ን»ን ይዞ ተሳቢ ሆኗል፤ ታማሚዋ ደግሞ በግሱ መጨረሻ «-ኝ» ሆና ገብታለች። ቆራጭ ግን የለም። «እግሬን እሾህ ወጋኝ» ስንል ወጊው ይታወቃል፣ ነቅለን እናሳየዋለን። «ጎኔን ወጋኝ» ሲባል ማን ብሎ መጠየቅ አያስኬድም። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ባለቤት ፈልጎ ማስገባት አማርኛውን ማበላሸት ነው።

ይህ አነጋገር ከሰውነታችን አሠራር ጋር እንዴት እንደሚገጥም ሳስበው ደስ ይለኛል። ጣታችንን ቢላ ቢነካው ዓይናችንን ጨፍነንም ቦታውን እናውቀዋለን፤ ቆዳ ላይ የስሜት ነርቮች ጥቅጥቅ ብለው ተሰራጭተዋል። ወደ ሆድ ዕቃ የሚሄዱት ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም መልእክት የሚያደርሱት በዝግታ ነው። ከአንድ የውስጥ አካል የተነሣው መልእክት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚገባው በተለያየ ከፍታ ተበታትኖ ሲሆን፣ እዚያም ከቆዳ ከመጣው ጋር በአንድ ሕዋስ ላይ ይገናኛል። አንጎል የለመደው የቆዳውን ስለሆነ ሕመሙን ለቆዳው ይሰጠዋል። የልብ ሕመም ግራ ክንድና መንጋጋ ላይ፣ የሐሞት ከረጢት ሕመም ቀኝ ትከሻ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው። የትርፍ አንጀት ሕመምም መጀመሪያ እንብርት ዙሪያ ይሰማና፣ የትርፍ አንጀቱ መቆጣት የሆድ ግድግዳን ሽፋን ሲነካ ወደ ቀኝ ታች ይወርዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ሄድ በ1893 እ.ኤ.አ. የትኛው የውስጥ አካል ሲታመም የትኛው የቆዳ ክፍል እንደሚታመም በዝርዝር ጽፏል።

ስለዚህ ታማሚ ስለ አካሉ ስም ቢሳሳት አይፈረድበትም። የምንተማመነው በግሱ ነው። አንጀት በስለት ቢቆረጥ ይህን ያህል አይሰማውም፤ የሚያሳምመው ሲወጠር፣ ሲኮማተር፣ ደም ሲያጥረው ወይም ሲቆጣ ነው። «ቆረጠኝ» የምትል እናት እንዴት ነው ብለው ቢጠይቋት «ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል» ትላለች፤ ይህም የአንጀት መኮማተር ጠባይ ነው። «ወጋኝ» የምትለው አብዛኛውን ጊዜ አየር ስትስብ ይብስባታል፤ ሳንባ ራሱ ሕመም አያውቅም፣ የሚወጋው የደረትን ውስጠኛ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ነው። «የሆድ ሕመም አለባት» ብለን ስንጽፍ ይህ ሁሉ ይጠፋል።

«ልብ»ን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ ልብ ደም የሚረጨው አካል ነው፣ ሐሳብ ነው፣ «ልቤን አጥወለወለኝ» ስንል ደግሞ ጨጓራ አካባቢ ነው። «የልብ ሕመም» ብሎ መጻፍ ግምት ነው፤ «ጨጓራ» ብሎ ማለፍም ግምት ነው፣ ያውም አደገኛ፤ የልብ ድካምም ሆነ የልብ ደም ሥር መዘጋት እዚያው ከደረት በታች ሊሰማ ይችላልና። «አብሽሩ እማማ፤ እስኪ በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበሏቸው። የውስጥ ሕመም ያለበት ብዙ ጊዜ በአንድ ጣት አይጠቁምም፤ መዳፉን ዘርግቶ ያሻሻል። ከዚያ «ልቤን አቃጠለኝ ይላሉ፤ መዳፋቸውን ከደረት አጥንት በታች ያሳያሉ» ብለው ይጻፉ።

ቁርጠትና ቁርጥማት አንድ አይደሉም። ቁርጠት ከ«ቆረጠ» የመጣ የሆድ ሕመም ነው፤ ቁርጥማት ከ«ቆረጠመ» የመጣ የእጅ፣ የእግርና የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። «ሆዴን ቁርጥማት ያዘኝ» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ቦታውን ደግመው ይጠይቁት።