ባለቤቴ ደመናማዋን የባሕር ዳርቻ ከተማ መረጠ፤ እኔስ?

ጥያቄ፦ የ35 ዓመት መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሱሉልታ ውስጥ ከእናቴ ጋር በአንድ ግቢ እንኖራለን። ባለቤቴ አሜሪካ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ፊኒክስ ከተማ በሹፍርና ይሠራል። የእኔና የልጆቹ ጉዳይ አልቆ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ብቻ ቀርቶናል። እኔ የአክስቴ ልጅ ያለችበት ሲያትል የምንገባ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ባለፈው ነሐሴ ኦሪገን ውስጥ አስቶሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አይቶ ከመጣ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። «ቀዝቃዛ ናት፣ ደመና አይለያትም፣ ባሕሩ ሥር ናት፣ ጸጥታ አላት» ይለኛል። ዝናቡን እንደምፈራ ስነግረው «ሱሉልታ ያደገች ሴት ብርድና ደመና ትፈራለች?» ብሎ ይመልሳል። በኅዳር የቤት ኪራይ ቀብድ ሊከፍል ነው። እሑድ እሑድ ስንደዋወል ሁልጊዜ በጭቅጭቅ እንለያያለን። አጎቴ ሽማግሌ ሆኜ ልግባ እያለ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እዚህ ያሳጠርነውን ሙሉ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ዝናቡና ስለ ብርዱ የጻፉት ጥቂት መስመር ብቻ ሲሆን፣ ስለ እናትዎ ጉልበት፣ ማታ ማታ መድኃኒታቸውን ስለሚያቀብሏቸው እጆችዎና ወንድምዎ ለገጣፎ ሆኖ ስለማይደርስላቸው የጻፉት ግን ግማሽ ገጽ ሞልቷል፤ በመጨረሻም «ይህ ሌላ ጉዳይ ነው» ብለው አልፈውታል። እኔ ሌላ ጉዳይ አይመስለኝም። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ባለቤትዎ ስለ ወደዷት ከተማ እንነጋገር፤ ምክንያቱም የእሳቸው ፍላጎትም የእርስዎ ፍርሃትም በእውነተኛ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው።

በመጀመሪያ እሳቸውን ለመረዳት ፊኒክስን ማሰብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያች ከተማ ለ31 ተከታታይ ቀናት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልወረደም። ከሱሉልታ ቅዝቃዜ የወጣ ሰው እንዲህ ባለ ሙቀት ውስጥ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ሲውል፣ ማታ ደግሞ ቤተሰቡ ወደሌለበት ክፍል ሲገባ፣ ሰውነቱም መንፈሱም ምን ያህል እንደሚዝል ለመገመት አይከብድም። እንዲህ ያለ ሰው በነሐሴ ወር ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ብዙም ወደማያልፍበት፣ ኮሎምቢያ የተባለው ትልቅ ወንዝ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር ወደሚገናኝበትና የባሕሩ ቀዝቃዛ ነፋስ ወደሚነፍስበት ቦታ ሲደርስ የተሰማው እፎይታ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን እብደት ወይም ግትርነት አድርገው አይዩት። ባለቤትዎ ከተማዋን ሲያወድሱ በሌላ አነጋገር «ደክሞኛል» እያሉዎት ነው፤ ይህን ቃል ከአፋቸው አውጥተው ቢናገሩት ኖሮ እርስዎም ያን ጊዜ የሚመልሱት መልስ ሌላ በሆነ ነበር።

ነገር ግን አንድን ቦታ በእረፍት ቀን፣ በሚያምርበት ወቅት፣ ከሚወዱት ጓደኛ ጋር ማየት አንድ ነገር ሲሆን፣ በዚያ ቦታ ልጅ ማሳደግ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬድ እና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያና በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የሚማሩ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ሁለቱም ወገኖች የካሊፎርኒያ ሰዎች የበለጠ ደስተኞች ይሆናሉ ብለው ገመቱ፤ ስለ ራሳቸው ሕይወት ሲጠየቁ ግን በእርካታቸው የሚለያዩ ሆነው አልተገኙም። አእምሯችን ስለ አዲስ ቦታ ሲያስብ ጎልቶ የሚታየውን አንድ ነገር፣ በተለይም አየሩን ይይዝና፣ የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚሠራበትን ሌላውን ሁሉ ይረሳል። ባለቤትዎ ቅዝቃዜውን ይዘዋል፤ እርስዎ ዝናቡን ይዘዋል። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ሰማዩ ነው።

«ሱሉልታ ያደገች ሴት» የሚለው ነገር እንዳስከፋዎት ጽፈዋል። ከስድቡ ባሻገር ንጽጽሩ ራሱ ትክክል ስላልሆነ ልዘርዝረው። እንጦጦን ተሻግሮ ያለው ሜዳ ብርዱ የታወቀ ነው፤ በክረምት ጉሙ እስከ ረፋድ ድረስ መንገዱን ይሸፍነዋል። ሆኖም መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይገለጣል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ሌሊቱ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ጠዋት አጥር ሥር ቆሞ የሚሞቁት ፀሐይ አለ። የቀኑ ርዝመትም በዓመት ውስጥ የሚለዋወጠው በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አስቶሪያ ግን ከምድር ወገብ በጣም ርቃ ወደ ሰሜን ያለች በመሆኗ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በመካከል ያለው ጊዜም ቢሆን በአብዛኛው ደመና ነው። በዓመት ወደ 1,700 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንብባታል፤ ይህም አዲስ አበባ ከምታገኘው በብዙ ይበልጣል፤ ይባስ ብሎ ዝናቡ የሚበረታው ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ማለትም ቀኑ በሚያጥርበት ወራት ነው። በሌላ በኩል በረዶ ብዙም አይጥልባትም፤ የሰኔ ቀኗም ወደ አሥራ ስድስት ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ ለእርስዎ አስቸጋሪ የሚሆነው ብርዱ ሳይሆን የብርሃኑ ማነስ ነው።

ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 ኖርማን ሮዘንታል የተባሉ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ቀኑ በሚያጥርበት ወራት እየመጣ ቀኑ ሲረዝም የሚለቅ የድባቴ ዓይነት መኖሩን ካሳወቁ ወዲህ ወቅታዊ ድባቴ በሕክምናው ዓለም የታወቀ ሆኗል። እንቅልፍ ይበዛል፣ ጣፋጭና ዳቦ ዳቦ ያሰኛል፣ ሰው ያስጠላል፣ ሥራ ይከብዳል። ሁሉንም ሰው አይይዝም፤ የሚይዘውም ሕክምና አለው፤ ከሕክምናዎቹ አንዱ በየጠዋቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል 10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ብርሃን በሚሰጥ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። ሁለተኛ ልጅዎን ከወለዱ በኋላ ለወራት ከአልጋ መነሣት እንዳቃተዎት ስለ ጻፉ፣ ከመሄድዎ በፊት ይህን ለሐኪም ቢያማክሩና ባለቤትዎም እንዲያውቁት ቢያደርጉ እወዳለሁ። በዚያ ወቅት እሳቸው ገና አብረዎት የነበሩ ቢሆንም ነገሩን እንደ ድካም ብቻ ያዩት ይመስለኛል።

ከብርሃኑም በላይ የሚያሳስበኝ የሰው ነገር ነው። የጥር ወር አንድ ጠዋት በዓይነ ሕሊናዎ ይዩልኝ። ባለቤትዎ ሌሊት ወደ ሥራ ሄደዋል። ውጭው ገና ጨለማ ነው፤ ይዘንባል። የአምስት ዓመቷ ልጅዎ ትኩሳት ይዟታል። እርስዎ መኪና መንዳት አልለመዱም። ሱሉልታ ቢሆን ኖሮ በአጥር ላይ አንድ ጊዜ ቢጣሩ ጎረቤት ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላም ቡና ላይ ስንት ሰው «ሻላት?» ይልዎታል። ወደ 10,000 ሰው ብቻ በሚኖርባት በአስቶሪያ ሐኪም ቤትም ኮሌጅም አለ፤ ሰዎቿም ደግ ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በአማርኛ የሚያጽናናዎት ሰው ለማግኘት ሁለት ሰዓት ያህል ነድቶ ፖርትላንድ መድረስ፣ ወደ አክስትዎ ልጅ ለመሄድ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በላይ መጓዝ ግድ ይሆናል። የመጀመሪያው የስደት ዓመት ሰው በጣም የሚያስፈልግበት ዓመት ነው። ለዚህም ነው የእኔ አስተያየት፣ ቢያንስ ለመነሻው፣ ወደ ሰው ቅርብ በሆነ ቦታ መጀመር ይሻላል የሚለው።

ይህ ማለት ግን የባለቤትዎ ሐሳብ ተሸንፎ ሲያትል መሀል መግባት አለባችሁ ማለት አይደለም። «ቀዝቃዛ፣ ደመናማ፣ ትንሽ፣ ባሕር ዳር» ከሚሏቸው አራት ነገሮች የትኛውን ፈጽሞ መተው እንደማይችሉ ይጠይቋቸው፤ ሲጠይቁም ለመርታት ሳይሆን ለማወቅ ይሁን። ቅዝቃዜው ከሆነ ያ የባሕር ዳርቻ አገር በሙሉ ቀዝቃዛ ነው። ለምሳሌ ብሬመርተን የምትባለው ወደ 43,000 ነዋሪ ያላት ከተማ ባሕሩ ሥር ያለች፣ ደመናማም ናት፤ ከሲያትል በጀልባ የምትርቀውም አንድ ሰዓት ያህል ነው። እንዲህ ያሉ መካከለኛ ቦታዎች ስላሉ ምርጫው የግድ ከሁለት አንዱ አይደለም። ትንሽነቷ ከሆነ ግን የወደዱት፣ ቀስ ብለው ያድምጧቸው። በውጭ የሚኖር ሰው አንዳንድ ጊዜ ከአገሩ ሰው ዓይን መራቅ ይፈልጋል፤ ዕዳ ይኖርበታል፣ ያሰበው ሳይሳካለት ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም አራት ዓመት ብቻውን ሲኖር ሰው በዝቶበት መቀመጥ ከብዶት ይሆናል። የእርስዎ ባለቤት ይህ አለባቸው ማለቴ አይደለም። ካለባቸው ግን ይህን መስማት የሚገባዎት ከቀብዱ በኋላ ሳይሆን በፊት ነው።

አሁን ወደ እናትዎ እንመለስ። እሳቸው «እኔን ብለሽ እንዳትቀሪ» እንዳሉዎት ጽፈዋል፤ ይህም የበለጠ እንዳስለቀሰዎት። ባለቤትዎ ከተማዋን ሲያወድሱ እርስዎ የሚሰሙት «እናትሽን ትተሽ ነይ» የሚለውን ነው ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ሐዘን ሲያትል ቢሆንም አብሮዎት ይሄዳል። የትኛውም ከተማ ሊፈታው ስለማይችል በራሱ ስም ተጠርቶ ለብቻው መታየት አለበት። ወንድምዎን ከባለቤታቸው ጋር ቤትዎ ጠርተው፣ እናትዎም ባሉበት፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚከታተል፣ ማታ ማን አብሯቸው እንደሚያድር፣ የዕድሩን መዋጮ ማን እንደሚከፍል፣ ከአሜሪካ በየወሩ ምን ያህል እንደሚላክ ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። በዚህ ውይይት ባለቤትዎም በስልክ ይግቡ። ሐዘኑ አይጠፋም፤ ስለ ዝናብ በምትነጋገሩበት ሰዓት መሀል መግባቱ ግን ይቀንሳል።

ስለ አነጋገራችሁም አንድ ነገር ልጨምር። የምትደዋወሉት እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ እርስዎ ነጠላዎን ደርበው ልጆቹን ለቤተ ክርስቲያን እያጣደፉ፣ እሳቸው ደግሞ በዚያ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ሆኖ ከሥራ ደክመው ገብተው ነው። የቤተሰባችሁን ትልቁን ውሳኔ ለሁለታችሁም በማይመች ሰዓት ይዛችሁታል። ለዚህ ጉዳይ ብቻ እሳቸው የሚያርፉበትን ቀን መርጣችሁ፣ ልጆቹ በሌሉበት፣ ሰዓት ቆርጣችሁ ተነጋገሩ። የእሑዱ ጥሪ ለልጆቹና ለሰላምታ ይቅር። አጎትዎን ደግሞ አመስግነው ለጊዜው ይቆዩልኝ ይበሏቸው፤ ሽማግሌ አሁን ቢገባ ባለቤትዎ ተከሰስኩ ብለው ያስባሉ፤ እናንተ ግን ገና በወጉ አልተነጋገራችሁም።

በዚያ ንግግር ላይ ሁለት ነገር ይለምኗቸው። አንደኛው በኅዳር ቀብድ ከመክፈል ይልቅ በታኅሣሥ መጨረሻ ለጥቂት ቀናት ወደ አስቶሪያ እንዲመለሱና በሥራ ቀን፣ በዝናብ፣ ልጆቹ ሊማሩበት ከሚችሉት ትምህርት ቤት ደጃፍ እስከ ሱቁ ድረስ በእግራቸው ሄደው በቪዲዮ እያሳዩ እንዲደውሉልዎ ነው። ሁለተኛው፣ የትም ብትገቡ፣ የኪራይ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ስለሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከስድስት ወር በኋላ ተቀምጣችሁ ቦታውን እንደገና እንደምትመዝኑና ከሁለት አንዳችሁ «አልቻልኩም» ካላችሁ ውሉ ሲያልቅ እንደምትነሡ ከአሁኑ እንድትስማሙ ነው። በምላሹ እርስዎ የሚሰጧቸው ነገር ይኑር፦ ቃለ መጠይቁን በእናትዎ ምክንያት እንደማያዘገዩ ቃል ይግቡላቸው፤ መኪና መንዳትም ከዚሁ ከሱሉልታ ይጀምሩ።