ሚዛን ላይ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ በቅርቡ ለዓለም አቀፍ የቦክስ ውድድር ልትወጡ ነው፤ ፓስፖርት ገና ትናንት የተቀበላችሁም አላችሁ። ሌሎቻችሁ ጥቅምት 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ዳካር ላይ የሚጀመረውን የወጣቶች ኦሎምፒክ እያሰባችሁ ጎህ ሳይቀድ ታቦር ተራራን ትወጣላችሁ። የኦሎምፒክ ስም ያለው ውድድር በአፍሪካ ምድር ሲካሄድ ያ የመጀመሪያው ነው፤ ቦክስም አለበት። ብትመኙት አይፈረድባችሁም።

እኔ ቦክሰኛ አልነበርኩም። ቡጢ የቀመስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ከታላቅ ወንድሜ። ሐኪም ነኝ፤ ሥራዬ ሪንጉ ሥር ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ዳኛው ሲጠራኝ ደግሞ ገመዱ ጋ ወጥቼ ዓይን ውስጥ ባትሪ ማብራት ነው። እዚህ ሐዋሳ ይህን ስሠራ ፀጉሬ ሸበተ። ስለ ጃብና ስለ እግር አጣጣል አሰልጣኞቻችሁ ይንገሯችሁ። የኔ ጉዳይ አንድ ነው፤ ሐኪሙን አትዋሹት።

ማን ይዋሻል ትሉኝ ይሆናል። ሁላችሁም ትዋሻላችሁ! «ራስህን ያምሃል?» ብዬ ሳልጨርስ «ኧረ ምንም የለኝም ዶክተር» ትሉኛላችሁ። እውነት የሚናገር ሰው እኮ ከመመለሱ በፊት ትንሽ ያስባል።

ከዓመታት በፊት የሆነውን ላጫውታችሁ። ልጁ 18 ዓመቱ ነበር፣ የሚጫወተው በ52 ኪሎ ምድብ፤ ክብደቱ ከዚያ መብለጥ የለበትም። ውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀረው ሚዛኑ 55 ነበር። ሦስቱን ኪሎ እንዴት እንዳወረደ የሰማሁት በኋላ ነው። ከሹራቡ ሥር ላስቲክ ለብሶ በቀትር ፀሐይ ሮጠ። ከዋዜማው ጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ አልዞረም። ሌሊቱን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ማስቲካ እያኘከ ምራቁን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሲተፋ አደረ። ጠዋት ሚዛን ላይ ወጣ፤ ልክ 52። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። እኔ ጋ ሲደርስ ልቡ ይሮጣል፣ ምላሱ ጨርቅ መስሏል። ምን ሆነህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው ዶክተር» አለኝ። ከኋላው ረጅም ሰልፍ አለ። ፈረምኩለት። ያ ፊርማ የኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ያረፈበት ቡጢ ያን ያህል ከባድ አልነበረም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ነበር። ወደቀ። ሲነቃ መጀመሪያ ያለኝ «ዶክተር፣ ሚዛኑን አለፍኩ?» ነው። አልፈሃል አልኩት። ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ «ዶክተር፣ ሚዛኑን አለፍኩ?» ሆስፒታል እስክንደርስ ይህንኑ ሲጠይቀኝ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ ያን ዕለት አላልቅ አለ።

ዛሬ ባጃጅ ይነዳል። ልጆች አሉት፣ ደህና ነው። ባጃጁ ላይ ስወጣ ሒሳብ አልቀበልም እያለ ያጣላኛል። ያ ቀን ግን ከጭንቅላቱ ተፍቋል፤ ሚዛን ላይ መውጣቱን እንኳ አያስታውስም። ቦክስ ዳግም አልተጫወተም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከክብደቱ 2 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ሲያጣ አቅሙ መቀነስ ይጀምራል። ለ52 ኪሎ ልጅ ይህ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያ ልጅ ሦስት ኪሎ አወረደ፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ደሙ ሲያንስ ልቡ ያንኑ ሥራ ለመሥራት በፍጥነት መምታት ነበረበት፤ እግሩ ዛለ፣ ዓይኑ ያየውን ቡጢ አንገቱ ዘግይቶ ሰማ። ሚዛንና ግጥሚያ ደግሞ በአንድ ቀን ነው፤ በመሀል ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በሁለት ቀን የወጣ ውሃ በጥቂት ሰዓት አይመለስም። ባሸነፋችሁ ቁጥር ደግሞ በምትጫወቱበት ቀን ጠዋት እንደገና ሚዛን አለ። ስለዚህ ኪሎ መቀነስ ካለባችሁ በሳምንታት፣ ከምግብ ላይ ነው እንጂ በዋዜማው ከውሃ ላይ አይደለም። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ አምና 52 የነበረ ዘንድሮ 57 ቢሆን ቁመቱ ነው የጨመረው፣ ጥፋት አልሠራም። ለአሰልጣኙ «ምድብ ልቀይር» ማለት ያሳፍራል መሰላችሁ? ምራቅ እየተፉ ማደር ይብሳል።

ሁለተኛው ውሸት የጭንቅላቱ ነው። ሄልሜት አለኝ ብላችሁ አትመኩ። ሄልሜት ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፤ አንጎል ግን ራስ ቅል ውስጥ ነው የሚናጠው፣ እዚያ ውስጥ ሄልሜት አይገባም። የአዋቂ ወንዶች ሄልሜት በ2013 እ.ኤ.አ. ቀርቶ የ2016ቱን የሪዮ ኦሎምፒክ ያለሱ ተጫውተዋል፤ በእናንተ ዕድሜ ግን ግዴታ ነው፣ ደህና አድርጋችሁ እሰሩት። ከልምምድ በኋላ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ ያለ ልክ መተኛት፣ ያለ ምክንያት ቱግ ማለት ካለ ለአሰልጣኝም ለሐኪምም ተናገሩ። ክኒን ውጣችሁ ወደ ጂም አትመለሱ፤ ክኒኑ ሕመሙን ይደብቀዋል እንጂ ጉዳቱን አያሽረውም። አንጎል ሳያገግም ሁለተኛ ምት ቢያርፍበት ሊያብጥ ይችላል፤ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ነው፣ ሲያጋጥም ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ በብዛት የሚታየውም በወጣቶች ላይ ነው። በኖክ አውት የወደቀ ልጅ ቢያንስ 30 ቀን ከሪንግ የሚታገደው ለዚህ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ሐኪም ፊት «ወድቄ አላውቅም» የሚል ልጅ አይቻለሁ፤ አስፈርሞም ተጫውቷል።

ወድቃችሁ ዳኛው ሲቆጥርም እንደዚሁ። በሦስት ብትነሱ እስከ ስምንት ይቆጥራል፤ ያ ጊዜ የእናንተ ነው። ተንፍሱ፣ ዓይኑን እዩት። እግራችሁ ከከዳችሁ ጓንት አንስቶ ጀግና ለመምሰል አትሞክሩ። ግጥሚያውን ለማስቆም ፎጣ የሚወረውር አሰልጣኝ ካላችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ፤ ብዙም የሉም።

ስለ መሸነፍ ብዙ አልልም። በ1988 እ.ኤ.አ. ሴኡል ላይ ሮይ ጆንስ የተባለ የ19 ዓመት አሜሪካዊ በፍጻሜው 86 ቡጢ አሳርፎ 32 ተቀበለ፤ ዳኞቹ 3 ለ 2 ለኮሪያዊው ፈረዱለት። የውድድሩ ምርጥ ቦክሰኛ ሽልማት ግን የተሰጠው ለዚያው ለተሸነፈው ልጅ ነው። ዛሬ አምስት ዳኞች በእያንዳንዱ ዙር ለበለጠው 10፣ ለሌላው 9፣ ሲብስም 8 ይሰጣሉ፤ አሁንም ይሳሳታሉ። እጃቸውን ጨብጣችሁ ውረዱ።

ሴቶቹ ደግሞ፣ እናንተ የኦሎምፒክ ሪንግ የተከፈተላችሁ በ2012 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ነው፤ ለሴት ልጅ ሰውነት የሚጠነቀቅ አሠራር ገና ብዙ ይቀረዋል። ኪሎ ስትቀንሱ የወር አበባ ቢቆም «ተገላገልኩ» አትበሉ። ሰውነታችሁ በቂ ምግብ እያገኘ አለመሆኑን እየነገራችሁ ነው፤ አጥንትም እየሳሳ ሊሆን ይችላል። ለወንድ አሰልጣኝ መንገር ከከበዳችሁ ለሴት ነርስ ንገሩ፣ ከእኛም ጋ አለች።

ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከውድድር ጋር ሲገጣጠም ቀድማችሁ ንገሩን፤ ልምምዱንና ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን። ሌላውን ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኻችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። ሥጋ ተወደደ የምትሉኝ ልጆች፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አጠገባችሁ ነው፤ የዓሣ ሾርባና የተጠበሰ ቆሮሶ ለቦክሰኛ ምን ይጎድለዋል? ጥሬውን በዳጣ ግን ከውድድር በኋላ አድርጉት፤ በግጥሚያ ዋዜማ ሆድ ቁርጠት ይዞት የመጣ ልጅ አክሜያለሁ።

ለጉዞው አንድ ነገር። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳካር ግን ባሕሩ ዳር ነው። ትንፋሹ አይከብዳችሁም፣ ወበቁ ግን ያልባችኋል። ረጅም በረራና የአውሮፕላን ጨዋማ ምግብ ደግሞ ውሃ ያጠራቅማል፤ ስትደርሱ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቢጨምር አትደንግጡ፣ ላስቲክም አታውጡ።

ከቡድኑ ጋር የምትሄዱ ሐሙስ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ክሊኒክ እጠብቃችኋለሁ። የድሮ የሕክምና ካርድ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቁርስ በልታችሁ ኑ።